ከሦስቱ ቀን በኋላስ? ልጇ የሞተባትን የሥራ ባልደረባችንን እንዴት እንያዛት?

የሚዛን ሰው

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ነው ያለሁት፤ ቡና ገዝቶ አዘጋጅቶ የሚልክ መጋዘን ውስጥ መዝገብ ላይ እሠራለሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አብራን የምትሠራ አንዲት እናት አለች። ስሟን እዚህ አላወጣም፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ሚዛን ላይ ቆማለች። ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩን የምታነበው እሷ ናት፣ የምጽፈው እኔ። የዛሬ ወር ገደማ ልጇ ከአጋሮ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተባት። 19 ዓመቱ ነበር። ሌላ ልጅ የላትም።

ቀብሩ ላይ ምንም አልጎደለም፤ በዚህስ በባልደረቦቼ እኮራለሁ። መርዶውን ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር ሄደን ነገርናት። መዋጮ ቶሎ ተሰበሰበ፣ ባለቤቱ የጭነት መኪናውን ሰጠ፣ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ሳያልቅ የእኛ ልጆች አግዳሚ ወንበሩን አውርደው ጨርሰው ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሦስት ቀን እየተፈራረቀ አብሯት አደረ። ንፍሮውን የቀቀሉት፣ እንጀራውን የጋገሩት፣ በግድም ቢሆን እህል ያስቀመሷት ለቀማ ላይ፣ ማለትም ቡናውን ከብልሹ ፍሬ በመለየት፣ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ለቅሶ እናውቅበታለን። ይሄን ማንም አያስተምረንም።

የጠፋን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐሙስ ማታ ሞተ፣ ዓርብ ተቀበረ፣ ሰኞ ጠዋት እትዬ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሚዛኑ ጋ ቆመች። «ሕጉ ሦስት ቀን ነው» ተብላለች። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። በቃ።

ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ግራ ገብቶናል። እሷ ስትገባ ወሬው ይቆማል። የሚስቅ ሰው ካለ ሳቁን ይውጣል። ድንኳን ውስጥ «እግዜር ያጽናሽ» እያለ እግሯ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ አሁን ዓይኗን አያይም፣ እኔም ጭምር። «እንዴት ነሽ» ልበላት? እንዴት እንደሆነችማ እያየኋት ነው። ባለፈው ሳምንት 86 ኪሎውን 68 ብላ አነበበችልኝ፣ እኔም ቀና ብዬ ሳላይ ጻፍኩት። አቅራቢው «ልትሰርቁኝ ነው» ብሎ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸባት። አንድ ቃል አልመለሰችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማን ይችላት ነበር!

ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አሁን «ለራሷም ይሻላታል» ብሎ ወደ ለቀማ ሊያወርዳት አስቧል። ለቀማ በኪሎ የሚከፈልበት ነው፣ ገቢዋ ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሞራሏ ይነካል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። የቤታቸው ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር። ልጁ ከትምህርት ሲወጣ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ በር መጥቶ ቁልፉን ከእሷ ይቀበላል። ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ነው። ሲመጣ ፍለጋ እንዳያስቆመው ጠዋት ስትገባ ሚዛኑ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ታስቀምጠዋለች። አሁንም ታስቀምጠዋለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን አንስታው በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ ትንሽ ቆማ ትመለሳለች። ዘበኛው ፊቱን ያዞራል። እኔ መዝገቤ ላይ አቀረቅራለሁ። በየቀኑ እንደዚያ ነው።

እና ምን ላድርግ? ዝም ልበል? ስለ ልጁ ላንሳባት ወይስ ቁስሏን መነካካት ይሆናል? እረፍት ልጠይቅላት ወይስ ቤት ብቻዋን ከምትቀመጥ ሥራው ይሻላታል? እንዲህ ዓይነት ነገር ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሰው ሀብት

ነፍስ ይማር። ለእናቲቱም ብርታቱን ይስጣት።

እኔ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ነኝ፣ ከሕጉ ልጀምርልህ፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ከሕጉ ያነበበው አንዱን መስመር ብቻ ነው፣ እሱንም በትክክል አልቆጠረውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል ይላል። የሥራ ቀን ነው የሚለው። እሑድ የሳምንት እረፍታችሁ ከሆነ አይቆጠርም። ስለዚህ እትዬ ሰኞን ቤቷ መዋል ነበረባት። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሰባቱ እንኳ ሳይወጣ ሚዛን ላይ ለቆመች እናት አንድ ቀን ትልቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ያው አንቀጽ ከባድና የተለየ ነገር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጣል፣ በአንድ የበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስለማያውቀውም አይጠይቀውም።

ሦስተኛ፣ የዓመት ፈቃድ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ዘጠኝ ዓመት ከሠራች 20 ቀን ይደርሳል። የተጠቀመችው ስንት እንደሆነ መዝገቡን እይ። ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ የተቀመጠ ፈቃድ ያላት ብትሆን አይገርመኝም።

ሐኪም አይቷት መሥራት አትችልም ብሎ በወረቀት ካረጋገጠ ደግሞ የሕመም ፈቃድ አለ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ሀዘን ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል፤ ሲጥል እንደማንኛውም ሕመም ነው መታየት ያለበት።

ወደ ለቀማ የማውረዱን ነገር በተመለከተ፣ ገቢዋን የሚቀንስ ዝውውር አሠሪው ለብቻው አስቦ የሚያደርገው ነገር አይደለም። እሷ መስማማት አለባት። አሁን ባለችበት ሁኔታ ደግሞ «እሺ» ብትል እንኳ እሺታዋን አትመኑት። በዚህ ሰዓት ምንም ቢሏት እሺ ነው የምትለው።

አዋጁ ከዚህ በታች አትውረዱ ነው የሚለው እንጂ ከዚህ በላይ አትስጡ አላለም። እኔ ባለሁበት ድርጅት የተስማማነው ነገር አለ፤ ክርስቲያን ከሆነ ለአርባው፣ ሙስሊም ከሆነ ለተዕዚያው (ለለቅሶ መቀመጫው) እና ለቤተሰብ ጉዳዩ፣ ሠራተኛው ራሱ በመረጠው ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ይጨመርለታል። ድርጅቱ በዚህ አልከሰረም።

ሕጉ የማይሸፍነውን ደግሞ ልንገርህ፤ አሳዳጊን። በሥጋም በጋብቻም ያልተዛመደች ግን አጥብታ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ስትሞት በወረቀቱ መሠረት ሠራተኛው ምንም የለውም። እኔ እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ሲመጣልኝ «እናቴ» ተብሎ ከተጻፈ እናቱ ናት ብዬ እፈርማለሁ።

ፈረንጅ አራዳ

ስለ ዓይን አለማየት ያልከው ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚደበቀው ለቅሶ ስላልደረሰ ነው። እኔ ራሴ አባቱ የሞተበትን ባልደረባዬን ሁለት ወር ሸሽቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ሌላ እታጠፍ ነበር። በኋላ «ሳልደርስህ ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ» ስለው አቅፎኝ አለቀሰ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ካለ መካከላችሁ ዛሬ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃት። ለቅሶ አያልፍበትም።

የሁለት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ ስለ ቁልፉ የጻፍከውን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ። ተመልሼ ነው የምጽፍልህ።

እኔ ባሌ የሞተው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሙስሊም ነኝ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ነበር የምሠራው፣ የት እንደሆነ ይቅር። እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች። አታጌጥም፣ ሽቶ አትቀባም፣ የሌሊት ማደሪያዋ ቤቷ ነው። ሁለት ልጅ ይዤ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ሼካችንን ጠየቅኩ፣ ለእንጀራሽ ቀን ወጥተሽ መግባት ትችያለሽ አሉኝ። ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊዬ ጠርቶኝ «ደንበኛ ፊትሽን አይቶ ይሸሻል፣ ትንሽ ተቀባቢ፣ ፈገግ በይ» አለኝ። ኢዳ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ጅማ ተወልዶ ጅማ ያደገ ሰው ነው፣ አያውቅም። እኔም ለማስረዳት አፌ አልታዘዘልኝም፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን በውኃ ታጥቤ ወጣሁ። እና መጀመሪያ የምለምንህ፣ ኃላፊ የሆናችሁ ሰዎች የሠራተኛችሁን ሃይማኖት የሀዘን ሥርዓት እሷን ሳታስቸግሩ ከሌላ ሰው ጠይቁ። ሀዘንተኛ ላይ ማስተማር አይጫንም።

አሁን የረዳኝን ልንገርህ።

አንዲት ክርስቲያን የሥራ ጓደኛ ነበረችኝ፤ ገንዘብ ቤት የምትሠራ። ይሄቺ ልጅ አንድም ቀን «አይዞሽ፣ የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አላለችኝም። እንደዚያ ያሉኝ ብዙ ነበሩ፣ አላህ ይስጣቸው፣ ግን እኔ ምን እንደሚያስፈልገኝ በምን አውቄ? እሷ ዝም ብላ ታደርግ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አምጥታ ቢሮ ጀርባ አስቀምጣ የቤት ሥራ ታሠራቸዋለች። ወረቀት ጉዳይ ላይ ደግሞ እሷ ባትኖር አልችልም ነበር። ሰው ስለዚህ አያወራም፤ የሞት ምዝገባው በ30 ቀን ውስጥ መሠራት አለበት፣ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ትሄዳለህ፣ ማስረጃ አጎደልሽ ይሉሃል፣ ትመለሳለህ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ምስክር ማቅረብ፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ባንክ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በሥራ ሰዓት ነው። እያንዳንዷን ሰዓት «የት ነበርሽ» እየተባልኩ ነው የጨረስኩት። ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን ቢፈቀድልኝና አንድ ሰው አብሮኝ ቢሄድ ከአሥር የማጽናኛ ቃል ይበልጥብኝ ነበር። እትዬም ልጇ አደጋ ስለሆነ ፖሊስ ጣቢያና የትራፊክ ጉዳይ ይኖርባታል። ማን አብሯት እየሄደ ነው? እሱን አጣራ።

«ላንሳባት ወይ» ላልከው፣ አንሳባት። ስሙን ጥራው። እኔ በጣም የከፋኝ የባሌን ስም ሰው መጥራት ማቆሙ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሁሉም «እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ይላል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ስሙ የተከለከለ ቃል ሆነ። ሁለተኛ የሞተ ያህል ነው። ቁስሏን ትነካካባታለህ ብለህ አትፍራ፣ ረስታው እኮ አይደለም አንተ የምታስታውሳት። ብታለቅስ ታልቅስ። ዝም ብለህ ቁጭ በል፣ «በቃ በቃ» አትበላት።

የማትሉትን ደግሞ ልጻፍ። «ገና ወጣት ነሽ» አትበሉ፣ ለእኔ ብለውኛል። «ሌላ ልጅ ይሰጥሻል» አትበሉ። «እሱ ወዶት ነው የወሰደው» የሚለውን እሷ ራሷ ካለች እሺ፣ እናንተ ግን አትጀምሩት። «አሁንም ታለቅሻለሽ?» የሚለውን ጨርሶ።

አነስተኛ ሥራ

ሁላችሁም የምትሉት ትክክል ነው፣ ልቤን ነክቶኛል፤ ግን የአሠሪም ድምፅ ይሰማ ብዬ ነው። አምስት ሠራተኛ ያለኝ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። በርጩማና አልጋ እንሠራለን። አንድ ሰው ሲቀር ሥራው አምስት ቦታ ተከፍሎ አንዱ ቁራጭ የለም ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ልጁ በጠና ታሞበት በኋላም የሞተበት አናጺ ነበረኝ፤ ሀያ ምናምን ቀን ከፍዬዋለሁ፣ ከዚያ ግን የሌሎቹን ደሞዝ ያጣሁበት ሳምንት መጣ። ልቤ እየፈለገ እጄ አልደርስ አለ። ትልቅ ድርጅት የሚያደርገውን ትንሽ ሥራ ቤት አድርግ ሲባል ከየት ይመጣል? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የሰው ሀብት

ወንድሜ፣ ያደረግከው ከብዙ ትልልቅ ድርጅት ይበልጣል። ጥያቄህም ትክክል ነው። እኔ የምለው፣ ብዙው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ለአንድ ወር አንድ ሰዓት ዘግይቶ እንዲገባ መፍቀድ፣ ስህተቱ ብዙ ዋጋ የማያስከፍልበትን ሥራ መስጠት፣ ለምሳሌ ከመቁረጥ ይልቅ ማለስለስ፣ የቀረበትን ሰዓት በሌላ ጊዜ እንዲያካክስ መስማማት። ከሁሉም በላይ ግን ቀድሞ መነጋገር ነው። አምስታችሁም ጤና ሆናችሁ ባላችሁበት ጊዜ ቁጭ ብላችሁ «ከመካከላችን አንዱ ሀዘን ቢደርስበት እንዲህ እናደርጋለን» ብትሉ፣ በየወሩም ትንሽ ትንሽ ብታስቀምጡ የራሳችሁ እድር ሆነ ማለት ነው። እድር የተጀመረው እኮ በሀብታሞች አይደለም።

የሄርማታ ልጅ

እናቴ አጠገቤ ናት፣ አንብቤላት «የምነግርሽን ጻፊላቸው» ብላኝ ነው። ቡና ለቀማ ላይ ሀያ ዓመት ሠርታለች። እንዳለችው ልጻፈው፦

«እኛ የቀን ሠራተኞች ነን፣ ለቀምን ተከፈለን፣ ቀረን አልተከፈለንም። ሦስት ቀን የሚባለውንም አሁን ከልጄ ነው የሰማሁት። ከዳውሮ የመጣች አንዲት ልጅ አብራን ነበረች፣ እናቷ እዚያ ሞተችባት። የሰማችውም ከተቀበረች በኋላ ነው። ሄጄ እርሜን እንዳላወጣ መሳፈሪያ የለኝም አለች፣ ብትሄድም የቤት ኪራይ አለባት። ያኔ እኛ ምን አደረግን፣ ባዶ ጆንያ በእሷ ስም ቦታዋ ላይ አስቀመጥን። እያንዳንዳችን ከለቀምነው ላይ በቀን አንድ አንድ ጣሳ እዚያ እንጨምራለን። ማታ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በስሟ ይጻፋል። መዝጋቢው ያውቅ ነበር፣ ዝም ብሎ ይጽፋል፣ እግዜር ይስጠው። ስምንት ቀን ሄዳ እናቷ መቃብር ላይ አልቅሳ መጣች፣ ስትመጣ የስምንት ቀን ሒሳቧ ቆያት። ለዚያ መዝጋቢ ልጅ ንገሪልኝ፣ እትዬን ወደ ለቀማ ቢያወርዷት ሴቶቹ ይይዟታል፣ በዚያ አታስብ በይው። ግን አታውርዷት። ሰው ልጁን ቀብሮ ወንበሩንም ማጣት የለበትም።»

ይሄን ብላ ተነሳች። እኔ የምጨምረው የለኝም።

የማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ፣ የአእምሮ ጤና ላይ ነው የምሠራው። ከተረኛነት ወጥቼ ነው የማነበው፣ ስለዚህ የሕክምናውን ጎን ባጭሩ ላስቀምጥ።

መጀመሪያ፣ የምትገልጸው ነገር ሁሉ፣ ቁጥር መገልበጧም፣ ዝምታዋም፣ በር ላይ መቆሟም፣ በአንድ ወር ሀዘን ውስጥ የሚጠበቅ ነው። እብደት አይደለም። ሀዘን ማስታወስንና ትኩረትን ይበላል፣ እንቅልፍ ደግሞ የለም። ስለዚህ መፈልፈያ ማሽን ወይም የሚንቀሳቀስ መኪና አጠገብ ብቻዋን እንዳትቆም አድርጉ። ይሄ የደህንነት ጉዳይ ነው። ሚዛኑ ላይ ሁለተኛ አንባቢ ብታቆሙ ደግሞ ስህተቱ በእሷ ላይ አይጫንም።

ሁለተኛ፣ ሀዘን እንደ ደረጃ አንድ ሁለት ተብሎ የሚወጣበት አይደለም። አንድ ቀን ትስቃለች፣ በማግስቱ ትወድቃለች። ስትስቅ «ረሳችው» አትበሉ፣ ስትወድቅም «ተመለሰባት» አትበሉ። ሰው በአንድ በኩል ያጣውን እያሰበ በሌላ በኩል የዕለት ኑሮውን እየያዘ ነው የሚሻገረው። ሥራ ይሻላታል ወይ ላልከው፣ ለብዙ ሰው ሥራ ቀኑን ቅርጽ ስለሚሰጠው ይረዳል። ግን ስትደክም መውጣት እንደምትችል ማወቅ አለባት። መውጫ የሌለው ሥራ እስር ቤት ነው የሚሆንባት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የተራዘመ ሀዘን የሚባል ሕመም አለ። ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት፣ ኑሮን የሚያስቆም ሆኖ፣ ሰውየው ካለበት ባህልና ሃይማኖት ልማድም በግልጽ ሲያልፍ ነው የሚባለው። የመጨረሻውን ልብ በሉት። እትዬ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ብትለብስ ያ የእኛ ወግ ነው፣ ሕመም አይደለም።

ግን ስድስት ወር የማይጠበቅበት ነገር አለ። ምግብ ጨርሶ ከተወች፣ ቀናት ሙሉ እንቅልፍ ካጣች፣ ሰውነቷን መጠበቅ ካቆመች፣ «እሱ ጋ ልሂድ»፣ «ለምን እኖራለሁ» ማለት ከጀመረች ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና አምጧት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ በፍቅር በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባትም፤ ብዙ ሰው ይሄን ይፈራል። የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ የሚቀልለው ብዙ ነው። የንስሐ አባት ካላቸው እሳቸውንም አናግሩ፤ ጸበሉም ጸሎቱም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው የለባትም።

አንድ ነገር ደግሞ አንተን፣ ጠያቂውን። መርዶ ነጋሪዎቹ መካከል ነበርክ። እሱም ይከብዳል። አንተስ ከማን ጋር ትናገራለህ?

የሚዛን ሰው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስምንት ቀን ቆይቼ ነው የተመለስኩት፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

አዋጁን አትሜ ባለቤቱ ጋ ገባሁ። አልተከራከረም። እሑዱን እንደ ሥራ ቀን መቁጠሩን ሳሳየው «አላወቅኩም ነበር» አለ፣ አመንኩት። ከዓመት ፈቃዷ 14 ቀን ሳይነካ ተቀምጧል። አርባው ሰኞ ይውላል፣ ያን ሳምንት እንድታርፍ ተስማማን፣ የቀረባት ሰኞም ከደሞዟ ጋር ተጨመረላት። ለቀማው ቀርቷል። ከሚዛኑ በዚያ በኩል አንድ ወጣት ቆሞ ቁጥሩን ደግሞ ያነባል፣ ለሁሉም ጆንያ፣ ለሁሉም ሰው፤ እሷን ለመቆጣጠር እንዳይመስላት መጀመሪያ እኔ ነኝ ስህተቴን ያወራሁት። ለካ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ብቻዋን ተመላልሳለች። አንዳችንም አናውቅም ነበር። አሁን ሾፌራችን አብሯት ይሄዳል።

«የማታ ተረኛ»፣ ለጠየቅሽኝ፣ ወይም ለጠየቅከኝ፣ ለባለቤቴ ነገርኳት። ከዚያ ሌሊት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ቁልፉን ስታነሳ መዝገቡን ዘጋሁትና አብሬያት ወጣሁ። ውጭ ሁለት አይሱዙ ጭኖ ቆሟል፣ ሰዎቹ ይጮሃሉ፣ ተውኳቸው። በሩ ጋ ስንደርስ የልጁን ስም ጠራሁ። አንድ ጊዜ ቁልፉን ስትሰጠው «እናቴ፣ ሌላ ቁልፍ እንኳ ማሠራት ያቅተናል?» ያላትን እሰማ እንደነበር ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ የዘበኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ተቀመጥኩ፣ ዘበኛውም መጣ። ሌላ ቁልፍ ማሠራት አቅቷት አልነበረም። በቀን አንድ ጊዜ ይምጣልኝ ብዬ ነው፣ አለችን። ከዚያ ስለ ልጅነቱ ማውራት ጀመረች፣ አለቀሰችም ሳቀችም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው ወደ ሚዛኑ የተመለስነው።